ኩዝኔትሶቭ፦ የየትኛው ቀጥቃጭ ልጅ?

ራሺያ ውስጥ መንገድ ላይ ቆማችሁ "ኩዝኔትሶቭ!" ብላችሁ ብትጣሩ መርካቶ መሀል ቆሞ "አበበ!" እንደማለት ነው፣ ማን ማን ዞር እንደሚል አስቡት። የራሺያን የቤተሰብ ስሞች ያጠኑ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስሚርኖቭን አንደኛ፣ ኢቫኖቭን ሁለተኛ፣ ኩዝኔትሶቭን ሦስተኛ ያደርጋሉ፣ እንደየቆጠራው ደረጃው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ከላይኞቹ አይጠፋም። እዚህ ዲሲ ያለን ሰዎች ደግሞ ስሙን ከሆኪ ነው የምናውቀው፣ የከተማው ቡድን ካፒታልስ በ2018 የሆኪውን ትልቁን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ሲበሉ በዛ ዓመት ፕሌይኦፍ ከሁሉም በላይ ነጥብ የሰበሰበው 92 ቁጥሩ የቭጌኒ ኩዝኔትሶቭ ነበር፣ ጎል ሲያገባ እጁን እንደ ወፍ ክንፍ እያራገበ በአንድ እግሩ የሚንሸራተተው ልጅ። ሜትሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ያንን ማልያ ለብሶ ይታይ ነበር። እኔ ሆኪ ብዙም አይገባኝም፣ ስም ግን ነፍሴ ነው፣ እና ከዛ ጀምሮ ኩዝኔትሶቭ የሚባል ሰው ባየሁ ቁጥር ማን እንደሆነ ሳላጣራ አላልፍም። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ትርጉሙ ቀላል ነው። ኩዝኔትስ ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው "ኦቭ" ደግሞ "የማን ነህ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ናት፣ የቀጥቃጩ። ሴት ከሆነች ኩዝኔትሶቫ ትሆናለች። በቃ ይሄው ነው፣ ግን ለምን ይሄን ያህል በዛ የሚለው ነው ደስ የሚለው። ሰው ሲያስበው ቀጥቃጭ ብዙ ስለነበረ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፣ ቀጥቃጭ በአንድ መንደር አንድ ብቻ ስለነበረ ነው። ገበሬው ሁሉ ገበሬ በሆነበት ሰፈር "የገበሬው ልጅ" ብትለው ማንን እንደሆነ አይለይም። የፈረስ ጫማ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ ምስማር የሚሠራው ሰውዬ ግን አንድ ነው፣ ቤቱንም ሁሉም ያውቀዋል፣ እሳት ስላለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ነው የሚሠራው። እና መንደሩ ውስጥ አምስት ኢቫን ካለ "የትኛው ኢቫን?" ሲባል "የቀጥቃጩ" ይባላል፣ አለቀ። መኳንንቱና ባላባቱ የቤተሰብ ስም ቀደም ብለው ነው የያዙት፣ ገበሬው ግን ብዙው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በሰፈር መጠሪያና በአባቱ ስም ነበር የሚኖረው፣ በ1861 ከጭሰኝነት ነፃ ሲወጣ፣ ለውትድርና ሲመዘገብ፣ ለግብር ሲጻፍ፣ ከዛ በ1897 የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቆጠራ ሲመጣ ጸሐፊው "የማን ልጅ ነህ?" ብሎ የሰማውን ወረቀት ላይ ያሰፍራል፣ የሰፈር ስሙም በዛው የዘር ስም ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት ኩዝኔትሶቮች ቢገናኙ ዘመድ የመሆን ዕድላቸው ከማንም ሁለት ሰው አይበልጥም። በየመንደሩ ለብቻው የበቀለ ስም ነው። አረቦቹ ሀዳድ፣ ጀርመኖቹ ሽሚት፣ እንግሊዞቹ ስሚዝ፣ ሀንጋሪዎቹ ኮቫች ይላሉ፣ ፌራሪም ያው ነው፣ የብረት ሠሪ ስም (መኪናው ከዛ በኋላ የመጣ ነው)።

እዚህ ጋ ስለኛ አለማሰብ አልቻልኩም። እኛ አገር "የቀጥቃጭ ልጅ" ብለህ ለሰው ስም ስትሰጥ ጠብ ነው የምትፈልገው። ቀጥቃጩ ጠይብ ይባላል፣ ቡዳ ይባላል፣ ማረሻውን ይወስዱለታል ልጁን ግን አያገቡለትም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፣ አዋጁ ስድቡን ምን ያህል እንዳስቆመው ሁላችንም እናውቃለን። ራሺያዎቹም ቢሆኑ ቀጥቃጭን በጤናው አያዩትም ነበር፣ ከእሳትና ከብረት ጋር የሚውል ሰው አንዳች ነገር ያውቃል፣ ከርኩስ መንፈስ ጋርም ሳይነጋገር አይቀርም የሚል ነገር በተረታቸው ሞልቷል። ልዩነቱ ፍርሃቱ ወደ ንቀት አልወረደም። እንደውም ሰርግ የሚቀጠቅጡ ቅዱሳን አላቸው፣ ኩዝማና ዴምያን፣ ልጃገረዶቹ "ሰርጌን ቀጥቅጡልኝ" እያሉ ይዘፍኑላቸው ነበር። እነዚህ ቅዱሳን እኛም ስንክሳር ላይ ኅዳር 22 ያሉት ቆዝሞስና ድምያኖስ ናቸው፣ ያለ ክፍያ የሚያክሙ ሐኪሞች። ራሺያ ሲደርሱ ኩዝማ የሚለው ስም ከኩዝኔትስ ጋር ስለሚመሳሰል ብቻ ገበሬው ሐኪሞቹን መዶሻ አስይዞ የቀጥቃጮች ጠባቂ አደረጋቸው፣ በጣም ነው የሳቅኩት።

ሌላው ነገር፣ ስሙ በሁሉም ቦታ እኩል አይገኝም። ወደ ደቡብ ራሺያ፣ ወደ ቤላሩስና ወደ ዩክሬን ስትወርዱ ቀጥቃጩ ኩዝኔትስ ሳይሆን ኮቫል ነው፣ ስለዚህ ስሙም ኮቫሊዮቭ፣ ኮቫሌንኮ፣ ኮቫልቹክ እያለ ይሄዳል። ቦክሰኛው ሰርጌይ ኮቫሊዮቭ፣ ሆኪ ተጫዋቹ ኢሊያ ኮቫልቹክ፣ ሁሉም የቀጥቃጭ ልጆች ናቸው። የአንድን ሰው አያት ቅድመ አያት ከየት እንደመጡ በግምት ለማወቅ ከነዚህ የትኛውን እንደያዘ ማየት ትንሽ ይረዳል፣ ትንሽ ነው ያልኩት፣ ሰው ተንቀሳቃሽ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሰዎቹ። ራሺያዎች ሦስት ስም ነው ያላቸው፣ የራስ፣ የአባት፣ የቤተሰብ። አክብረህ የምትጠራው ሰው ካለ የራሱንና የአባቱን አድርገህ ነው የምትጠራው፣ ኒኮላይ ገራሲሞቪች ማለት ኒኮላይ ገራሲም ማለት ነው በኛ አጠራር። ለኛ ይሄ ግልጽ ነው፣ ፈረንጆቹ ናቸው የሚጨነቁበት። እና ኩዝኔትሶቭ ላይ ስትደርሱ የአባት ስም ለአክብሮት ብቻ አይደለም፣ ያለሱ ጉዳችሁ ይፈላል፣ ምክንያቱም በአንድ ዘመን ሦስት በጣም የታወቁ ኒኮላይ ኩዝኔትሶቮች ነበሩ፣ ሦስቱም በጀግና ማዕረግ የተሸለሙ፣ ሁለቱ የሶቪየት ኅብረት ጀግና፣ ሦስተኛው የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ተብለው።

አንደኛው ኒኮላይ ገራሲሞቪች፣ አድሚራሉ። በ1904 ሰሜን ውስጥ ኮትላስ አጠገብ ሜድቬድኪ በምትባል መንደር ተወለደ፣ በ15 ዓመቱ ባህር ኃይል ለመግባት ዕድሜው ላይ ሁለት ዓመት ጨመረ፣ ለዛ ነው እስከዛሬ አንዳንድ ጽሑፍ ላይ 1902 የምታገኙት። በ1939 ገና በ34 ዓመቱ የሶቪየት ባህር ኃይል ኮሚሳር፣ ማለትም ሚኒስትር ሆነ፣ ከሱ በፊት የነበሩትን ስታሊን ስለጨረሳቸው ወንበሩ ክፍት ነበር። ሰውየው የሚታወቅበት ነገር የሰኔ 21 ለ22 ሌሊት 1941 ነው። ስታሊን ጀርመን ይወረናል የሚለውን ወሬ መስማት ባልፈለገበት ሰዓት ኩዝኔትሶቭ መርከቦቹን በሙሉ "ዝግጁነት ቁጥር 1" ላይ አደረጋቸው፣ ሌሊቱን የጀርመን አውሮፕላኖች ሴባስቶፖል ላይ ሲመጡ ከተማው መብራቱን አጥፍቶ መድፉ እየጠበቃቸው ነበር። የምድር ጦሩና አየር ኃይሉ በዛን ዕለት ተኝቶ ነው የተመታው፣ ባህር ኃይሉ ግን በዛች ሌሊት አንድ የጦር መርከብ አላጣም።

ለዚህ ምን አገኘ? በ1948 ፍርድ ቤት ቀረበ፣ ክሱ በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ የቶርፔዶ ሚስጥር ሰጥታችኋል የሚል ነው፣ እንግሊዝ ያኔ ወዳጅ አገር እንደነበረች ማንም አላስታወሰም። አብረውት የተከሰሱት አድሚራሎች እስር ቤት ገቡ፣ እሱ ማዕረጉን ተገፎ ወደ ታች ወረደ። በ1951 ስታሊን ራሱ መልሶ ሚኒስትር አደረገው። በ1955 የመጨረሻውን ከፍተኛ ማዕረግ አገኘ፣ በዛው ዓመት ጥቅምት ላይ ደግሞ ኖቮሮሲይስክ የሚባለው የጦር መርከብ (ከጣሊያን በካሳ የተወሰደ ነው፣ የድሮ ስሙ ጁሊዮ ቼዛሬ) ሴባስቶፖል ወደብ ውስጥ ቆሞ ሳለ ፈነዳና ከ600 በላይ ሰው አለቀ። ኩዝኔትሶቭ በዛ ሰዓት ታሞ ከሥራ ውጪ ነበር፣ ያም ሆኖ ጥፋቱ በሱ ተላከከ፣ ማዕረጉ ወረደ፣ ከዛ በኋላ ወደ ሥራ እንዳይመለስ ተብሎ ተሰናበተ። ቀሪ ሕይወቱን ትዝታውን እየጻፈ፣ እየተረጎመ ኖረና በ1974 ሞተ። ማዕረጉን የመለሱለት በ1988 ነው፣ ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ፣ ደግነቱ ስሙ በመርከብ ላይ ወጣ። የራሺያ ብቸኛዋ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አድሚራል ኩዝኔትሶቭ ናት። ይቺ መርከብ ራሷ መጀመሪያ ሪጋ ነበረች፣ ከዛ ሊዮኒድ ብሬዥኔቭ፣ ከዛ ትብሊሲ፣ በ1990 ነው ኩዝኔትሶቭ የሆነችው። ሥሟ ከብዙ ጊዜ ችግር ጋር ነው የሚነሳው፣ በ2018 ለጥገና የገባችበት ተንሳፋፊ ዶክ ራሱ ሰጠመና ክሬን ወድቆባት ወለሏን በሳው፣ በ2019 ደግሞ እሳት ተነሳባት። ወደ ላይ ወደ ታች ስትል ባለስሟን የምትመስል መርከብ ናት።

ሁለተኛው ኒኮላይ ኢቫኖቪች፣ ሰላዩ፣ እኔ ሳነበው እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። በ1911 ኡራል ውስጥ ዚርያንካ በምትባል መንደር ተወለደ፣ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ኒካኖር ነበር፣ በ20 ዓመቱ ራሱ ኒኮላይ ብሎ ቀየረው። (ኒካኖር ኩዝኔትሶቭ ሆኖ ቢቀር እኮ ከማንም ጋር አይምታታም ነበር።) የገበሬ ልጅ ነው፣ ጀርመንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፣ ግን ጀርመንኛን እንደ ተወላጅ ይናገራል፣ ኮሚ ቋንቋን ከጫካ ሥራ ላይ ለቀመ፣ ፖላንድኛና ዩክሬንኛ ጨመረ፣ ኤስፔራንቶ ሳይቀር ሞክሯል። የደህንነት ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ሰው አይለቁም። በ1942 ከጀርመን ጦር ጀርባ በፓራሹት ወርዶ በዲሚትሪ ሜድቬዴቭ የሚመራ የሽምቅ ቡድን ጋር ተቀላቀለ (ሜድቬዴቭ የድብ ማለት ነው፣ ድብና ቀጥቃጭ አንድ ጫካ ውስጥ)። ከዛ የጀርመን መኮንን ዩኒፎርም ለብሶ፣ መቶ አለቃ ፓውል ዚበርት ነኝ ብሎ፣ ሮቭኖ ከተማ ገባ። ሮቭኖ ያኔ ጀርመኖች ዩክሬንን የሚያስተዳድሩባት ዋና ከተማ ነበረች፣ ማለት ዋናው ጉሮሮ ውስጥ ነው የገባው።

በኅዳር 1943 ጄኔራል ኢልገንን ከገዛ ቤቱ ይዘው የወጡበትን ታሪክ ስሙ። ጄኔራሉን አፍነው መኪና ውስጥ ለማስገባት ሲታገሉ ጮኸ፣ በአጠገቡ የሚያልፉ ጀርመኖች ዞር አሉ፣ ኩዝኔትሶቭ ሳይደነግጥ በአለቃ ድምፅ "የጀርመን ዩኒፎርም የለበሰ ሽፍታ ይዘናል፣ መታወቂያችሁን አሳዩኝ" አላቸው። እንደሚተረከው ከመሀላቸው አንዱ የራይሽ ኮሚሳሩ (ጀርመኖች ዩክሬን ላይ የሾሙት ገዢ) የኤሪክ ኮህ ሾፌር ሆኖ ተገኘና እሱንም አብረው ጫኑት። በነጋታው ደግሞ ዋናውን ዳኛ አልፍሬድ ፉንክን ፍርድ ቤቱ ውስጥ ገደለ። በየካቲት 1944 ልቮቭ ላይ ምክትል ገዢውን ባወርን ገደለ፣ ከአንድ ወር በኋላ ወደ ራሱ ወገን ለመሻገር ሲሞክር ቦራቲን በምትባል መንደር ከዩክሬን ብሔርተኛ ተዋጊዎች ጋር ተጋጥሞ ሞተ፣ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ልቮቭ ውስጥ ሐውልት ቆሞለት ነበር፣ ሶቪየት ሲፈርስ አንስተውት በ1992 ሐውልቱ ወደ ትውልድ አገሩ ታሊትሳ ተጓዘ። ለራሺያዎቹ ጀግና ነው፣ ለብዙ ዩክሬናውያን ደግሞ የስታሊን ነፍሰ ገዳይ ነው፣ እኔ መሀል ገብቼ አልፈርድም፣ ግን ድፍረቱን መካድ አይቻልም።

ሦስተኛው ኒኮላይ ድሚትሪየቪች ነው፣ እሱም የ1911 ልጅ፣ የአውሮፕላን ሞተር መሐንዲስ፣ ኩይቢሼቭ (የዛሬዋ ሳማራ) የተቀመጠ። የሞተሮቹ ስም ላይ "ኤንኬ" የሚለው የሱ ስም መነሻ ነው። ኤንኬ-12 የሚባለው በ15 ሺህ የፈረስ ጉልበት የሚገመት የፕሮፔለር ሞተር ከጦርነቱ በኋላ በግድ ከተወሰዱ የጀርመንና የኦስትሪያ መሐንዲሶች ጋር ሆኖ የሠራው ነው፣ ቱ-95 ቦምብ ጣዩ እስከዛሬ በሱ ነው የሚበረው። አንቶኖቭ 22ም ያው፣ አራት ሞተር፣ በእያንዳንዱ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ፕሮፔለሮች። በ1977 በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሶቪየቶች መሣሪያ ወደኛ ሲያጓጉዙ ከመጡት አውሮፕላኖች መሀል አንቶኖቭ 22 ነበረበት፣ ያንን ድምፅ የሰሙ ትልልቅ ሰዎች ካላችሁ የሰማችሁት የዚህን ሰውዬ ሥራ ነው።

ግን የሰውየው ትልቁ ታሪክ የጨረቃው ነው። ሶቪየቶች አሜሪካን ለመቅደም ኤን-1 የሚባል ግዙፍ ሮኬት ሠሩ፣ ከታች ብቻ 30 የኩዝኔትሶቭ ሞተሮች ተደርድረውበት፣ ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተኮሱት፣ አራቱንም ጊዜ ከሸፈ። እሱ በዛ መሀል የተሻለውን ኤንኬ-33ን ሠርቶ ጨርሶ ነበር፣ ግን ፕሮግራሙ በ1974 ቆመና ሞተሮቹ ይውደሙ ተባለ። አላወደማቸውም። መጋዘን ውስጥ ከቶ ዘጋባቸው። ከ20 ዓመት በኋላ ሶቪየት ፈርሶ አሜሪካኖቹ ሲያዩዋቸው አላመኑም፣ በአንዱ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ፣ አድሰው አንታሬስ የሚባለው ሮኬት ላይ ገጠሟቸውና በ2013 እዚሁ ቨርጂኒያ ከዋሎፕስ ተነስቶ በረረ። በጥቅምት 28 ቀን 2014 ማታ ግን አንዱ ተነስቶ ሰከንዶች ሳይቆይ ፈነዳና ወደ ማስወንጨፊያው ተመልሶ ወደቀ፣ ከዛ በኋላ አሜሪካኖቹ ሌላ የራሺያ ሞተር ቀየሩ። 40 ዓመት መጋዘን ውስጥ የቆየ ሞተር ነው ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ውድም የተባለውን ነገር ደብቆ ያቆየው ሰው ነው የገረመኝ፣ በዛ ሥርዓት ውስጥ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እሱ ራሱ በ1995 ነው የሞተው፣ ሲበሩ አላያቸውም።

ስሙን መሸከም ያልፈለገም አለ። አናቶሊ ኩዝኔትሶቭ የሚባል የኪየቭ ልጅ፣ በልጅነቱ ጀርመኖች ባቢ ያር የሚባለው ሸለቆ ላይ አይሁዶችን ሲጨፈጭፉ ሰፈሩ ውስጥ የነበረ፣ ያየውንና የሰማውን ጽፎ ሳንሱሩ ቆራርጦ አወጣበት። በ1969 ስለ ሌኒን የለንደን ቆይታ ልጽፍ ነው ብሎ ፈቃድ አግኝቶ ለንደን ሄደና በዛው ቀረ፣ ያልተቆረጠውን ጽሑፍ በፊልም አንስቶ ጃኬቱ ውስጥ ሰፍቶ ነው ይዞት የወጣው። ከዛ በኋላ ሥራዎቹን ኤ. አናቶሊ ብሎ ማውጣት ጀመረ፣ ኩዝኔትሶቭ በሚል ስም የታተመው የተቆራረጠው ነውና የኔ አይደለም ብሎ። በተቃራኒው ኤድዋርድ ኩዝኔትሶቭ አባቱ አይሁድ ነው፣ ስሙን ከራሺያዊት እናቱ ነው የወሰደው፣ በ1970 ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ አውሮፕላን ጠልፎ ከሌኒንግራድ ሊወጣ ሲል ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት፣ ወደ 15 ዓመት ተቀየረለት፣ በ1979 ኒውዮርክ ላይ በሶቪየት ሰላዮች ተለውጦ እስራኤል ገባ። እዛ ሄዶ በራሺያኛ የሚታተም ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፣ በጣም ራሺያዊ በሆነ ስሙ ጽዮናዊ ሆኖ ኖረ።

ስፖርቱን ቶሎ ልበል፣ ቴኒስ የምትከታተሉ ስቬትላና ኩዝኔትሶቫን ታውቃላችሁ፣ በ2004 ዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ የአገሯን ልጅ ዴመንቲየቫን፣ በ2009 ፈረንሳይ ኦፕን ደግሞ ሳፊናን አሸንፋ ዋንጫ የበላችው። በ2011 አውስትራሊያ ላይ ከስኪያቮኔ ጋር 4 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ተጫውታ የተሸነፈችውን ጨዋታ ያየ ሰው አይረሳውም። ቤተሰቡ በሙሉ ሳይክል ነው፣ እሷ ብቻ ናት ያፈነገጠችው። አባቷ አሠልጣኝ፣ እናቷ ጋሊና ጻሬቫ የዓለም ሻምፒዮን (ጻሬቫ የንጉሡ ማለት ነው፣ የንጉሡ ልጅ የቀጥቃጩን ልጅ አገባች በሉት)፣ ወንድሟ ደግሞ በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ በቡድን ሳይክል ብር ያመጣ ነው። ስሙ? ኒኮላይ ኩዝኔትሶቭ። ልትፈልጉት ከሆነ አሌክሳንድሮቪች የሚለውን እንዳትረሱ፣ አለበለዚያ አድሚራሉ ነው የሚመጣላችሁ።